ደላላው፣ ካርታውና ስልኩ፦ የቤት ሽያጭ ታሪክ በደሴና በኮምቦልቻ

ደላላ ሻጭንና ገዢን አገናኝቶ ከአንዳቸው ወይም ከሁለቱም የድካሙን ዋጋ የሚቀበል ሰው ነው። ቃሉ ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን ሥሩ መምራትን፣ መንገድ ማሳየትን ይናገራል። ወሎ ይህን ቃል ለመልመድ ሩቅ አልሄደም። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በባቲ በኩል ወደ ደጋው የሚወጣው የነጋዴ መንገድ ጨውና ጨርቅ ሲያመላልስ፣ ቋንቋውን፣ የሚዛኑን ልክና የገበያውን ሥርዓት አብሮ ያመላልስ ነበር። ሰኞ ገበያ፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ በሳምንቱ የመጀመሪያ የሥራ ቀን ገበያ የቆመበት የደሴ ሰፈር ነው። ገበያ በቆመበት ሁሉ በሬውን የሚያገናኝ፣ እህሉን የሚያገናኝ፣ ከጊዜም በኋላ ቤቱን የሚያገናኝ ሰው አይጠፋም።

ቤት አሻሻጭ ግን ከደላሎች ሁሉ ዘግይቶ የመጣ ነው። ምክንያቱ በከተማዋ አመሠራረት ውስጥ ይገኛል። ደሴ የተቆረቆረችው በ1875 ዓ.ም. ገደማ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በጦሳ ተራራ ግርጌ በሰፈሩበት ጊዜ እንደሆነ ይነገራል፤ ስሟንም ያወጡላት እሳቸው ናቸው ይባላል። ኋላ ራስ ሚካኤል፣ በስተመጨረሻ ንጉሥ ሚካኤል፣ መቀመጫቸው አደረጓት፤ አይጠየፍ አዳራሽንም አሠሩባት። ከተማው ከጦር ሰፈርና ከግቢ ዙሪያ ያደገ ስለሆነ መሬቱ የሚገኘው በስጦታ፣ በሹመትና በአገልግሎት ነበር። ወታደሩ ከአለቃው አጠገብ፣ ካህኑ ከደብሩ አጠገብ፣ ነጋዴው ከገበያው አጠገብ ይሰፍራል። እንዲህ ባለ ከተማ ቤት ቢሸጥም የሚሸጠው ለሚታወቅ ሰው ነው። ከከተማው ውጭ ያለው ርስት ደግሞ የዘር ነበርና ከወገን እጅ ወጥቶ ለባዕድ እንዲተላለፍ ዘመድ በቀላሉ አይፈቅድም ነበር።

በዚያ ዘመን ሻጭ ቤቱን የሚያስተዋውቅበት የተለየ ቦታ አልነበረውም። ወሬው በቡና ላይ፣ በመስጊድ ደጅ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በቅሬ ይሰማል። ቅሬ በሌላው አገር እድር የሚባለው ነው፤ ሙት ለመቅበርና ሐዘንተኛ ለማጽናናት የቆመ ማኅበር ይሁን እንጂ የሰፈሩን ቤቶች ታሪክ በቃሉ የያዘም እሱ ነው። ግቢው የማን አባት ይዞታ እንደነበር፣ በየትኛው ድንበር ላይ ከማን ጋር ክርክር እንደተነሣ፣ ከሟች ሚስት ሌላ ልጅ የወለደች ሴት እንዳለችና እንደሌለች የቅሬ ሽማግሌ ያውቃል። ሽያጩ ሲያልቅ ዋስ ይጠራል፣ እማኝ ይቆማል፣ ሽማግሌ ይመርቃል። በሙስሊሙም ዘንድ ለጋራ ባለቤት ቅድሚያ የሚሰጠው የሹፍዓ ሕግና በዓረብኛ «ከቤቱ በፊት ጎረቤቱን» የሚለው አባባል የሚታወቁ ነበሩ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ለጋራ ባለቤትና ለዘመድ ቀድሞ የመግዛት መብት ሲሰጥ፣ በአገሬው ዘንድ የኖረውን ነገር በጽሑፍ ማስፈሩ ነበር።

የኢጣልያ ወረራ ይህን የሚተዋወቁ ሰዎች ከተማ አናወጠው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈራቸውን ባደረጉባት ደሴ ላይ አውሮፕላኖች ቦምብ አዘነቡ፤ በሚያዝያ ወር ከተማዋ ተያዘች። በአምስቱ ዓመት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ የሚዘልቀው የመኪና መንገድ በኮምቦልቻና በደሴ በኩል አለፈ፤ ከኮምቦልቻም በባቲና በሚሌ በኩል ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ ተገነጠለ። ፒያሳ የሚለው የሰፈር ስም እስከ ዛሬ የቀረው ከዚያ ዘመን ነው። ከነፃነት በኋላ በዚሁ መንገድ ሾፌሩ፣ ጋራዥ ከፋቹ፣ ቆዳ ነጋዴው፣ መምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው ከሌላ አገር እየመጣ በሁለቱ ከተሞች ተቀመጠ። እነዚህ ሰዎች የቅሬ አባል አልነበሩም፤ የትኛው ግቢ የማን እንደሆነ አያውቁም። የቤት ደላላ የሚያስፈልገው እንግዳ ሲመጣ ነው፤ የሰፈሩን ዕውቀት ለሰፈሩ እንግዳ የሚያቀብል ሰው ያኔ እንጀራ አገኘ።

ሕጉም በዚሁ ጊዜ ደረሰ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የድለላን ሥራ ከንግድ ሥራዎች ተርታ ቆጠረው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ሁለት ምስክሮች እንዲፈርሙበት፣ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ አዘዘ። ቀብድንም በግልጽ ደነገገ፦ ቀብድ የሰጠ ገዢ ሐሳቡን ቢለውጥ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ሻጭ ሐሳቡን ቢለውጥ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህ የእጥፍ ደንብ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ሕግ ያልተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የሕግ አንቀጽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። በሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን በሙሉ፣ ከአንድ መኖሪያ በላይ የሆነውንም ትርፍ ቤት የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲይዝ፣ አዲስ ለሚሠራ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ቤት አከራይቶ መኖር ቀረ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ገቡ። አዋጁ አንዲቱን መኖሪያ መሸጥን አልከለከለም፤ ግን ሰው አንዲቱን ቤቱን ሸጦ የት ይገባል? ሻጭ ጠፋ፤ ቤቶችም በሞት፣ በፍቺና በዝውውር ካልሆነ እጅ አልለወጡም። ከአራጣ አበዳሪና ከእህል ቋጣሪ ጋር አንድ ላይ የሚወቀሰው ደላላ በአደባባይ መታየቱን ተወ። ዛሬም በብዙ ሰው አፍ «ደላላ» ስድብ የሚመስልበት አንዱ ምክንያት ይህ ዘመን ነው። ፍርዱ ግን ሚዛኑን የሳተ ነው፤ ሰውዬው የወቀሳው ተቀባይ ሆነ እንጂ ቤት ያሳጣው እሱ አልነበረም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ገበያው ተመለሰ፤ መሬቱ ግን አልተመለሰም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ፤ በዚያው አንቀጽ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ በሠራው ቋሚ ንብረት ላይ ሙሉ መብት እንዳለው አረጋገጠ። እንግዲህ የቤት ሽያጭ ታሪክ ከዚህ ወዲህ የሚሽከረከረው በእነዚህ በሁለቱ ንዑስ አንቀጾች መካከል ነው። በወረቀት የሚሸጠው ግድግዳና ጣራ ነው። ገዢ ግን ሰኞ ገበያ አካባቢ ያረጀ ጭቃ ቤት የሚገዛው ለጭቃው ብሎ አይደለም፤ ለአስፋልቱ ቅርበት፣ ለግቢው ስፋትና ወደ ላይ መሥራት ስለሚቻል ነው። ደላላ «ባለ ሁለት መቶ ካሬ ቤት» ሲል ካሬው የቦታው እንጂ የቤቱ አለመሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሕጉ ያልጠራውን ነገር ዋጋ የሚጠራው ደላላው ነበር፤ የሙያው ዋና ዕውቀትም ይኸው ሆነ።

በ1986 ዓ.ም. የሊዝ ሥርዓት ተጀመረ፤ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. በወጡ አዋጆች ተሻሻለ። ከዚህ የተነሣ ሁለት ዓይነት ይዞታ ጎን ለጎን ቆመ። ነባር ይዞታ ከሊዝ በፊት የነበረው ነው፤ ባለቤቱ በየዓመቱ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ይከፍላል። ሊዝ ደግሞ ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት በሚደርስ ውል የተያዘ ነው። የ2004ቱ አዋጅ ቁጥር 721 ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ድንጋጌ አለው፦ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በማናቸውም መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ተቀባዩ ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ሥሪት ነው። ስለዚህ አባት የኖረበት ነባር ቤት ለልጅ በውርስ ሲያልፍና ለገዢ በሽያጭ ሲያልፍ ሕጉ የሚያየው በተለያየ ዓይን ነው። ልምድ ያለው ደላላ ይህን ያውቃል፤ ከዋጋው ጋርም ያሰላዋል። የማያውቅ ሻጭ ስም ሲዛወር በሚመጣው ወጪ ከገዢው ጋር ይጣላል።

ዋናው ወረቀት ካርታ ነው። ካርታ ያለው ቤትና የሌለው ቤት አንድ ሰፈር ጎን ለጎን ቢቆሙም አንድ ዋጋ አያወጡም። በሌሊት ተሠርቶ የነጋበት ጨረቃ ቤት፣ ከገበሬ በእጅ ውል የተገዛ ቦታ፣ ወራሾች ያልተከፋፈሉት ግቢ፣ ባንክ የያዘው ቤት ሁሉም በገበያው ውስጥ አሉ፤ ሁሉም ደላላ አላቸው። በፌዴራሉ የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነን ቤት አንዱ ተጋቢ ያለ ሌላው ስምምነት ሊሸጠው አይችልም፤ ክልሉም የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ከሽያጭ ክርክሮች መካከል ከባዶቹ «ባሌ ሳልሰማ ሸጠው» ወይም «እኔ ሳልፈርም ውሉ ተደረገ» ከሚለው ቃል የሚጀምሩ ናቸው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም የቤት ሽያጭ ውል በሚመለከተው አካል ፊት ካልተደረገ እንደ ረቂቅ ብቻ የሚታይ መሆኑን ወስኖ፣ ኋላ ደግሞ ሻጩ መሸጡን ያልካደ እንደሆነ ሌላ አቋም ይዟል። ደላላ እማኝ ሆኖ የሚቆምበት ምክንያት ከዚህ ይገኛል፤ ውሉን ያዩ ዓይኖች ቁጥር አንድ ቀን ሊያስፈልግ ይችላል።

የሥራውን አካሄድ ከቅርብ ለማየት አንድ የደሴ ማሻሻጥ በቂ ነው። ሻጭ ለደላላው «ለእጄ ይህን ያህል ይግባልኝ» ይላል። አንዳንዱ «ከዚያ በላይ ያመጣኸው ያንተ ነው» ብሎ ይጨምራል፤ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የብዙ ጠብ ምንጭ ናት። ደላላው ገዢ ይዞ ሲመጣ ከበሩ ላይ ይቆማል፤ አይናገርም። ገዢው ገብቶ ቀና ብሎ ኮርኒሱን ያያል፤ ውኃ የገባበት ቡናማ ክብ ካለ እዚያው ይታወቃል። ግድግዳውን በእጁ ጀርባ መታ መታ ያደርጋል። ደሴ ጦሳን ተደግፋ ወደ ቦርከና ወንዝ የምታዘነብል ከተማ ስለሆነች ቀጥሎ የሚጠየቀው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ክረምት ላይ የላይኛው ግቢ ውኃ በየት ይወርዳል? የድጋፍ ግንቡን የሠራው ማን ነው? ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ይህ ጥያቄ ቀርቶ በምትኩ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ አስፋልቱና ስለ ፋብሪካው ርቀት ይጠየቃል። በ25 ኪሎ ሜትር ልዩነት ሁለት ዓይነት ዕውቀት ያስፈልጋል፤ የደሴ ደላላ ኮምቦልቻ ላይ ብዙ ጊዜ ከሌላ ደላላ ጋር ተካፍሎ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ከእይታው በኋላ ገዢው ዋጋ ለደላላው ይናገራል፤ ደላላው ለሻጩ ያደርሳል። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲቀመጡ ልዩነቱ ጠብቦ መሆን አለበት። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የግመል ገበያ ሻጭና ገዢ በጨርቅ ሥር ጣት ይዘው እንደሚዋዋሉት ሁሉ፣ በቤትም ዋጋ ለሰው ጆሮ የሚበቃው ሲያልቅ ነው። ቀብድ ተሰጥቶ ጊዜያዊ ውል ይጻፋል፤ ከዚያ ከማዘጋጃ ቤት የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ይወጣል፤ ውሉ ይጸድቃል፤ በ1990 ዓ.ም. በወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ መሠረት ከንብረቱ ዋጋ 2 በመቶ ለስም ዝውውሩ ይከፈላል። የደላላው ኮሚሽን በልማድ 2 በመቶ ነው ይባላል፤ ከሻጭ ብቻ ይሁን ከሁለቱ የሚወሰነው በድርድር ነው። ልማዱ ያልተጻፈ በመሆኑ ሦስትና አራት ደላላ «ገዢውን ያመጣሁት እኔ ነኝ» ብለው አንድ በር ላይ የሚቆሙበት ቀን አለ።

የኮምቦልቻ ገበያ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ሌላ መልክ ያዘ። በ75 ሄክታር ላይ የተሠራው ፓርክ፣ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው የባቡር መስመር፣ ቀድሞ የነበሩት የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካዎች ሁሉ ለከተማው እንግዳ አመጡ፤ ወይም ይመጣል የሚል ተስፋ አመጡ። የቦታ ዋጋ የሚንቀሳቀሰው ደግሞ በሁለቱም ነው። ሠራተኛው የሚከራይ ክፍል ይፈልጋል፤ ባለ ገንዘቡ ክፍሎች የሚሠራበት ግቢ ይፈልጋል። ከሳዑዲ ዓረቢያና ከሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች ገንዘብ የሚልኩ የወሎ ልጆችም ገዢ ሆኑ። እነዚህ ገዢዎች ቤቱን በዓይናቸው አያዩትም፤ የሚያዩት በስልክ ነው። የደላላው ሥራ ወደ ስልኩ የገባው በዋናነት በእነሱ ምክንያት ነው።

ቴሌግራም በዓለም ላይ የጀመረው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፤ በኢትዮጵያ ከተሞች የቤት ገበያ ዋና ሰሌዳ ለመሆን ብዙ አልፈጀበትም። ቀፊራና ጂጂ የመሳሰሉ የማስታወቂያ ድረ ገጾች ነበሩ፤ በክፍለ አገር ከተሞች ግን የቴሌግራም ቻናል ቀለለ። ማስታወቂያው የራሱ ቋንቋ አወጣ፦ «200 ካሬ፣ ነባር፣ ካርታ ያለው፣ ከዕዳ ነፃ፣ ዋጋ በድርድር፣ በውስጥ መስመር ያናግሩን»። አንዳንዱ «ከደላላ ነፃ» ብሎ ይጨምራል። ይሁንና ከቻናሎቹ ብዙዎቹ የሚመሩት በደላሎች ነው፤ ያው ሰው ፒያሳ ላይ ከቆመበት ጥግ ወደ ቻናል ባለቤትነት ተሸጋግሯል። አንድ ቤት በአምስት ቻናል፣ በአምስት የተለያየ ዋጋ ሲለጠፍ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ምክንያቱ «ከዚያ በላይ ያመጣኸው ያንተ ነው» የምትለዋ አሮጌ ቃል ከስልኩ ጋር አብራ መግባቷ ነው።

በሌላው ዓለም የበይነ መረብ አሻሻጮች ሌላ መንገድ ሄደዋል። በብሪታንያ በ2014 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ፐርፕልብሪክስ በመቶኛ ኮሚሽን ፈንታ የተቆረጠ ክፍያ ያስከፍል ነበር፤ ቤቱ ተሸጠም አልተሸጠም ክፍያው አይቀርም። ሻጮች መጀመሪያ ወደዱት፤ አክሲዮኑም ወደ ገበያ ወጣ። በ2023 ግን ድርጅቱ ለተፎካካሪው በ1 ፓውንድ ተሸጠ። በደሴና በኮምቦልቻ ሁኔታው ተገላቢጦሽ ነው። ማስታወቂያ መለጠፍ ብዙ ጊዜ ዋጋ የለውም፤ ደላላም የሚከፈለው ሥራው ካለቀ ነው። ሻጩ ባልተሸጠ ቤት ገንዘብ አያጣም። የሚያጣው ሌላ ነው፦ ዋጋው በአደባባይ ከወጣና ቤቱ ለወራት ከቆየ ገዢው «ምን ቢኖርበት ነው?» ይላል፤ ጎረቤትና ወራሽም ያልታሰበውን ያስባል።

በስልክ የተደገፈው ገበያ ፈተናው ከደጅ አልራቀም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ ከተሞቹ በኅዳር መጨረሻ ወደ መንግሥት እጅ እስኪመለሱ ድረስ ሰው በየአቅጣጫው ተሰደደ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ቻናሎቹ ዝም አሉ። ልጁን ለማሳከም፣ ንግዱን ለማንሣት ወይም አገር ለመልቀቅ ቤቱን መሸጥ የነበረበት ሰው ተመልሶ የሄደው ወደ ጥግ ደላላው፣ ወደ ቅሬውና ወደ ጎረቤቱ ነው። የከተማው ገበያ በእነሱ እጅ መቆየቱ በዚያ ክረምትና በጋ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራና መድኃኒት ሆኗል፤ ይህም ለደላላ ስም ሊመዘገብለት የሚገባ ነው።

ከዚህ ታሪክ አንጻር ሻጩ የሚመርጠው ሰውን ወይም ስልክን ከመሆን ይልቅ ከደላላው ሥራ የትኛውን ክፍል እንደሚገዛ ነው። ሥራው ከጥንት ሁለት ክፍል ነበረው፦ ገዢ መፈለግና ስለ ቤቱ መመስከር። መፈለጉን ስልክ በተሻለ ይሠራዋል። ካርታው በሻጩ ስም ያለ፣ ዕዳ የሌለበት፣ ወራሽ የማይጠይቀው፣ ዋና መንገድ ዳር ያለ አዲስ ብሎኬት ቤት ፎቶው በደንብ ከተነሣ በውጭ አገር ያለ ገዢ ጭምር ያገኘዋል፤ ባለቤቱ ራሱ ቢለጥፈው የሚጎድልበት ነገር ጥቂት ነው። የአባት ግቢ የሆነ፣ ድንበሩ በቅሬ ሽማግሌ ቃል የቆመ፣ ካርታው ገና በሟች ስም ያለ ቤት ግን ፎቶ አይሸጠውም። እንዲህ ያለውን ቤት የሚሸጠው የሰፈሩን ሰው የሚያውቅ፣ ወራሾቹን በአንድ ማዕድ ማስቀመጥ የሚችል ደላላ ነው፤ ለእሱ የሚከፈለው 2 በመቶ አይበዛም።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሪል ስቴት ልማትንና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትና ግመታን የሚመለከት አዋጅ አጽድቋል። ግመታና ግብይት በአንድ ሕግ መታየታቸው፣ ለዘመናት በደላላ ምላስ ላይ የኖረው ዋጋ በመዝገብ እንዲቀመጥ በር ይከፍታል። መዝገቡ ደሴና ኮምቦልቻ እስኪደርስ ድረስ፣ ቤቱን የሚሸጥ ሰው በደላላም ሆነ በቻናል ቢጀምር፣ ቀብድ ከመቀበሉ በፊት የዕዳና እገዳ ማጣሪያውን በእጁ ይያዝ፤ ኮሚሽኑ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ከማን እንደሚከፈልና መቼ እንደሚከፈል በአንዲት ወረቀት አስፍሮ ከደላላው ጋር ይፈርም።